ልቡ ተጠግኗል፤ ልጁስ?

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። በቦስተንም በባሕር ዳርም ቁጥሩ ብዙ አይራራቅም። የሚራራቀው ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው። አንዱ በተወለደ በቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኛል። ሌላው «ብርድ መትቶት ነው» እየተባለ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ይንከራተታል፤ ሲጠባ ያልበዋል፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እስኪነሳ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ርቀት ብዙ ተብሏል፤ ገናም ሊባል ይገባል። እኛ የተነሳነው ግን ማንም ስለማያነሳው ስለ ሌላው ጉዳይ ነው፦ ልቡ ከተጠገነ በኋላ ስላለው ልጅ።

እኛ ማን ነን? በወረፋ ወንበር ላይ የተዋወቅን እናቶችና አባቶች ነን። ነርሶች አሉን፤ የአንደኛ ደረጃ መምህራን አሉን፤ ደረታቸው ላይ ረጅም ጠባሳ ይዘው ያደጉ ወጣቶችም አሉን። ጽሕፈት ቤት የለንም፣ ማኅተም የለንም። ያለን አንድ አቋም ነው። አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም የልብ ብቻ ሕመም ስላልሆነ ደረት በተሰፋ ዕለት አያልቅም። የልጁ ዘረመልና የልጁ የአእምሮ ዕድገት ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ የልብ ሕክምናው አካል ይሁኑ። ይኸው ነው።

ይህ ከርኅራኄ የመነጨ ምኞት ብቻ እንዳይመስል ምክንያቱን እናስረዳ። የፅንስ ልብ በአራተኛው ሳምንት መምታት ይጀምራል፤ በስምንተኛው ሳምንት አራቱ ክፍሎቹ ተለይተዋል። ብዙ እናት ማርገዟን በወጉ ሳታውቅ ማለት ነው። በእነዚያው ሳምንታት አንጎልም መሠረቱን እየጣለ ነው፤ ሁለቱን የሚያንጹት ጂኖችም በከፊል አንድ ናቸው። በተለይ ሌሎች ጂኖችን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጂኖች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ብልሽቱ በልብ ላይ ብቻ አይቀርም። በ2015 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት 1,213 ልጆችን ከነወላጆቻቸው መረመረ። ልባቸው ብቻ በታመመ ልጆች ላይ፣ ከወላጅ ያልተወረሰ አዲስ የጂን ለውጥ ሕመሙን ያብራራው በ2 በመቶው ብቻ ነበር። ከልብ ሕመሙ ጋር የዕድገት መዘግየትና ሌላ የአካል ጉድለት በነበረባቸው ላይ ግን ወደ 20 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ ልብ የሚጠግን ሐኪም ስለ ንግግርና ስለ ትምህርት ሲጠየቅ «እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» ሊለን አይገባም።

የልብ ሕመም ከአንጎል ጋር የሚገናኝበት ሁለተኛ መንገድም አለ፤ እሱ የደም መንገድ ነው። ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠው በተፈጠሩበት ልጅ ላይ፣ ከእንግዴ ልጅ የሚመጣው ኦክስጅን የበዛበት ደም ወደ አንጎል እንደሚገባው አይሄድም። ልጁ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ቢወለድ እንኳ የአንጎሉ ብስለት በአንድ ወር ገደማ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ በምስል ታይቷል፤ ቢላዋ ሳይነካው፣ የልብና ሳንባ ማሽን ሳይያያዝለት። የቀዶ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ራሳቸውን ይጠራጠሩ ነበር፤ ማሽኑ ይሆን? ደሙን ያቆምንበት ደቂቃ ይሆን? በ1988 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረው ታዋቂ ጥናት የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። 171 ጨቅላዎች በዕጣ በሁለት የቀዶ ሕክምና ስልት ተከፈሉ፤ ከዚያ እስከ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ተከታተሏቸው። የሁለቱ ስልቶች ልዩነት ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። የሁለቱም ወገን ልጆች ግን በትኩረት፣ በማስታወስ፣ የሰውን ስሜት በመረዳት ተቸገሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ እስከ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ተጨማሪ የትምህርት ወይም የባሕርይ ድጋፍ አስፈልጓቸው ነበር። ልባቸው ግን በደንብ ይሠራ ነበር።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህን ዓይነቱን መረጃ ሰብስቦ በ2012 መመሪያ አወጣ፤ ለአደጋ የተጋለጡት ልጆች ዕድገታቸው በተወሰነ ዕድሜ ላይ እየተጠራ እንዲፈተሽ፣ ችግር ሳይጠበቅ። ይህ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከመካከላችን ስንቱ ወላጅ ከልብ ክሊኒክ ሲወጣ ልጁ ስንት ቃል እንደሚናገር ተጠይቋል?

አንድ ምሳሌ ላይ ቆየት እንበል፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለና። በሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ አንዲት ትንሽ ቁራጭ የጎደለችበት ልጅ አለ። ሐኪሞች 22ኪው11.2 ይሉታል፤ በድሮ ስሙ ዲጆርጅ ሲንድረም ነው። የልብ ጉድለትንና የዕድገት መዘግየትን አብረው ከሚያመጡት የዘረመል ምክንያቶች ከዳውን ሲንድረም ቀጥሎ የሚመጣው ይህ ነው። ልጁ ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ካልሲየሙ ይወርድና ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ «የሚጥል በሽታ» ይባልለታል። ታይመስ የተባለው የመከላከያ ዕጢው ትንሽ ስለሆነ ጉንፋን ከቤቱ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሞልቶት አይናገርም፤ ሲናገር ደግሞ ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል፣ ሰፈር ይስቅበታል። ትምህርት ቤት ገብቶ ያነባል፣ ይሸመድዳል፤ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ሰነፍ» ይባላል፤ ክፍል ይደግማል። ወጣት ሲሆን ከአራቱ አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬኒያ ይይዘዋል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ስም ይወጣለታል።

እነዚህን ሁሉ ስድስት ሐኪሞች በስድስት ካርድ ይይዟቸዋል። የልብ ሐኪሙ ስለ አፍንጫው አያውቅም፤ የጆሮና አፍንጫው ሐኪም ስለ ካልሲየሙ አያውቅም፤ መምህሩ ስለ ምንም አያውቅም። አንድ የደም ምርመራ ግን ለሁሉም አንድ ስም ይሰጣቸዋል። ስሙ የሚጠቅመው ደግሞ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ካልሲየሙ ይለካል። የሚሰጠው ደም አስቀድሞ በጨረር ይታከማል። ላንቃው ይታያል፣ ጆሮው ይፈተሻል፣ የንግግር ልምምዱ በሦስት ዓመቱ ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት ይጀመራል። ቤተሰቡም በአሥራዎቹ ዕድሜ እንቅልፉ ሲዛባ፣ ራሱን ሲያገል፣ የሌለ ድምፅ ሲሰማ ወዴት መሮጥ እንዳለበት ቀድሞ ያውቃል።

ከአሥር እንዲህ ያሉ ልጆች በዘጠኙ ቁራጯ የጎደለችው እንደ አዲስ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልመጣችም። ይህን በደማቁ እንጻፈው። ምክንያቱም እናት ትመረመራለች፤ በሐኪም ሳይሆን በጎረቤትና በአማት። ምን በላሽ? ማን አየሽ? የማንን እርግማን ተሸከምሽ? የእርግዝና ጊዜዋን አንድ በአንድ እየመነዘረች ጥፋት ስትፈልግ ታድራለች። እውነት ነው፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ኩፍኝ መሰል ሩቤላ፣ አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ጉድለት ያመጣሉ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን በአብዛኛው እናቲቱ ያደረገችው ነገር የለም። ይህን ቁጭ ብሎ በምትሰማው ቋንቋ የሚያስረዳት የሠለጠነ ሰው ከኢኮ ማሽን ባላነሰ ያስፈልገናል። ከአሥሩ በአንዱ ደግሞ ቁራጯ ከወላጅ የወረደች ናት፤ ያ ወላጅ ራሱ ሳያውቀው የኖረ ሊሆን ይችላል። ለእሱ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለተኛ ልጅ ለማሰብ ለተቀመጡ ባልና ሚስት የእነዚህ ሁለት መልሶች ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሳይመረመሩ ግን የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ጠበል የሚሄደውን ቤተሰብ አንነቅፍም፤ ብዙዎቻችን ሄደናል። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ ቀጠሮው አይለፈው፤ ከዚህ በላይ የምንለው የለም።

ስለ ዘር ሲነሳ እኛ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነን። የሥጋ ዝምድና ያለው ጋብቻ ተደብቀው የሚወርዱ ሕመሞችን ስለሚያወጣ ቆጠራው ጥበብ ነበረበት። ያው ቆጠራ ሲጣመም ግን «በዘራቸው አለባቸው» ወደሚል ሹክሹክታ ይወርዳል፤ የታማሚው እኅት ሽማግሌ ሳይላክባት ትቀራለች። ስለዚህ የዘረመል ውጤት የቤተሰቡ ነው። ለቀበሌ አይነገርም፣ ለአሠሪ አይነገርም፣ በኮሪደር ላይ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ምርመራ የምንጠይቅ ሰዎች ምስጢር ጠባቂነትንም በዚያው ድምፅ እንጠይቃለን።

አሁን ወደሚያስፈራን ነገር እንምጣ። ዘረመልን ማወቅ ለልጁ በር እንደሚከፍትለት ሁሉ ሊዘጋበትም ይችላል። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች ግማሽ የሚሆኑት የልብ ጉድለት አለባቸው። ጀሮም ለጀውንና ባልደረቦቹ በ1959 ሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ሦስት መሆኑን ካስታወቁ በኋላ እንኳ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት «አእምሮው ካልዳበረ ልቡን ምን እንጠግናለን» እየተባለ ልጆቹ ቀዶ ሕክምና ይነፈጉ ነበር። በ1983 በአሜሪካ የእነዚህ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል። ክሮሞዞማቸው አልተለወጠም። ከተለወጡት ነገሮች ዋናው ሐኪሞቹ ልባቸውን ለመጠገን መፍቀዳቸው ነው። የልባቸው መሃል ያልተዘጋባቸው የዳውን ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመትረፍ ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደማያንስም ታውቋል። ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ እስከ ስድስት ወር ገደማ ካልተሠራላቸው የሳንባ ደም ሥሮቻቸው እየጠነከሩ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ቢፈልግም አይችልም።

ወረፋ በረዘመበትና አልጋ ባነሰበት ሀገር «ለየትኛው ልጅ እንስጥ» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሳል። የሚወስኑትን ሐኪሞች ጭንቀት አናቃልልም። ሆኖም የዘረመል ስም ልጅን ከወረፋ ማውጫ ወንፊት ሆኖ የሚያገለግልበትን ቀን አንቀበልም። ለዚህ የሳይንስ መልስም አለን። ያቺው አንዲት ቁራጭ የጎደለቻቸው ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ መንትዮች እንኳ፣ ያውም ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ አንዱ ልቡ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ተወልደዋል። በ2015 ከ22 ተቋማት የ1,770 ልጆችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናትም የልደት ክብደትን፣ ዘረመልን፣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ የእናትን ትምህርት ደምሮ ቆጥሮ በልጆቹ ዕድገት ላይ ከታየው ልዩነት ከፊሉን ብቻ ነው ማብራራት የቻለው። የቀረው ክፍት ነው። በጂን ስም ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሳይንሱ ያላለውን እየተናገረ ነው። ከተቆጠሩት መካከል የእናት ትምህርት መኖሩን ደግሞ ልብ ይሏል፤ ሴት ልጅን ማስተማር የልብ ሕክምና አካል ነው ብንል ማንም አይሳቅብን።

ሌላው ቁጭታችን የእኛ አለመኖር ነው። እስከ 2018 ድረስ በዓለም ላይ በተደረጉ ሰፋፊ የዘረመል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ አፍሪካውያን 2 በመቶ ገደማ። ሰው የተገኘበት አህጉር ሰው በሚጠናበት መዝገብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱን በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት ታውቀዋለች። ልጇ ተመርምሮ «ለውጥ አግኝተናል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይታወቅም» ይሏታል፤ ለማነጻጸር የሚበቃ የእሷን መሰል ሰው በመዝገቡ ውስጥ የለምና። የመማሪያ መጻሕፍት ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው። 22ኪው11.2ን ከፊት ገጽ እንዲለዩ የሚያስተምሩት በአውሮፓውያን ልጆች ፊት ነው፤ ጠይም ልጅ ላይ ምልክቱ ሌላ መልክ ስለሚይዝ ያልፋቸዋል። ይህን በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከብዙ ሀገር ልጆች ፎቶ ሰብስበው አሳይተዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ከፍታ አለ። በኮቪድ ዘመን ሁላችንም ያወቅናት፣ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ ሕፃኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ቀኝ እጁና እግሩ ላይ ብትደረግ ከባድ የልብ ጉድለት ካለባቸው ብዙዎቹን ትይዛለች። አሜሪካ ከ2011 ጀምሮ ለሁሉም አራስ እንዲደረግ መክራለች። እዚያ የተቀመጠው ልኬት 95 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የጤነኛ አራስ ልኬት ራሱ ዝቅ ይላል። የባሕር ዳርቻ ሀገሮችን ቁጥር ቀድተን ብንጠቀም ጤነኞችን እናስደነግጣለን፤ በዘፈቀደ ዝቅ ብናደርገው የታመመው ያመልጠናል። የራሳችንን ቁጥር በራሳችን አራሶች ላይ ለክተን ማውጣት አለብን። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ያለው፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያሉት ሀገር ይህን ከማንም ሳይለምን ሊሠራው ይችላል።

«ሺዎች ልጆች ወረፋ ላይ ባሉበት ስለ ንግግርና ስለ ሒሳብ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። ንግግራቸው ከክፋት አይደለም። ሆኖም ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። ሃያ ዓመት። ዘሚ የኑስ በ2002 ለኦቲዝም ልጆች ማዕከል ስትከፍት ልጆቹ በየጓዳው ተደብቀው ነበር። ሁለቱም ነገሩ እስኪመቻች አልጠበቁም። እኛም የጂን ማንበቢያ ማሽን እስኪገዛ አንጠብቅም፤ ከምንጠይቀው አብዛኛው ማሽን አይፈልግም።

ልብ የታመመበት ልጅ ሁሉ ካልሲየሙ ይለካ፤ ላንቃውና ጆሮው ይታይ። የዘጠኝ ወር ክትባት ሲመጣ ይቀመጣል ወይ፣ ዞር ብሎ ስሙን ይሰማል ወይ፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራል ወይ ተብሎ ይጠየቅና በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ለመማር ዓመት አይፈጅባትም። የዘረመል ምርመራ ገንዘብ ላለው ብቻ በግል ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ የሚላክ ነገር ሆኖ አይቅር፤ ሌላ የአካል ምልክት ላለው የልብ ሕመምተኛ በመንግሥት ሆስፒታል ይጀመር፣ ቢያንስ በአንዱ። በጎ አድራጊዎች ቀዶ ሕክምና ሊሠሩ ከውጭ ሲመጡ ከቡድናቸው ጋር አንድ የንግግርና አንድ የዕድገት ባለሙያ ያምጡ፤ ሲሄዱም ያስተማሩትን ሰው ትተው ይሂዱ። ለወላጅ የምንለው ደግሞ አለ፦ ሐኪሙ ከፈቀደለት ልጁን አትከልክሉት። «ልቡ ነው፣ አትንኩት» እየተባለ ሳይሮጥ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይጣላና ሳይታረቅ ያደገ ልጅ ከቀዶ ሕክምናው ያተረፈውን በፍቅር ብዛት እናስጥለዋለን።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ያላችሁን ነገር ዕወቁት። በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ያለ፣ ዕድገቱ የዘገየ ልጅ በሕግ የቅድሚያ ድጋፍ ያገኛል፤ ባለሙያው ቤት ድረስ ይመጣል። «ልጄ ላይ ስም ሊለጥፉበት ነው» ብላችሁ ወረቀቱን በመሳቢያ አታኑሩት። ሦስት ዓመት ካለፈ ያ በር ተዘግቶ ሌላ በር ማንኳኳት ይመጣል። በእስራኤል ያላችሁ በጢፓት ሐላቭ (በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያው) ነርሷ የልጁን ዕድገት ስትጠይቅ «ሁሉም ደህና ነው» ብላችሁ አታሳጥሯት፤ ልቡ ተሠርቶ እንደነበር ንገሯት። የምርመራ ናሙና እንድትሰጡ በወግ ተጠይቃችሁ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ፣ ገብቷችሁ ከሆነ ስጡ። በሲልቨር ስፕሪንግ ላለችውም በደሴ ላለችውም እናት መልስ የሚያሳጣው ክፍተት የሚሞላው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ወጪ የለውም። ትምህርት ቤት ሲከፈት በዚህ እንቅስቃሴ ያለን ወላጆች ሁሉ፣ ልባቸው ለተጠገነ ልጆቻችን መምህራን አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘን እንሄዳለን። ልጁ ምን ዓይነት የልብ ሕመም እንደነበረበትና መቼ እንደተሠራለት ይጻፍበታል። በትኩረትና በማስታወስ ሊቸገር እንደሚችል፣ ይህም ከስንፍና እንዳልሆነ፣ ፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥና መመሪያ አንድ በአንድ ቢነገረው እንደሚጠቅመው ይጻፍበታል። ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ራሱን ቢስት የሚደወልበት ስልክ ይሠፍርበታል። ሐኪሙ ፈርሞበት «በስፖርት ክፍለ ጊዜ ይሳተፍ» የሚል ካለበት ያም ይሠመርበታል። መምህሩ ካነበበው በኋላ እሱም ያየውን በጀርባው ይጽፍልናል፤ እኛም ለሚቀጥለው የልብ ቀጠሮ ይዘነው እንቀርባለን።